ፊልም የሌለው የፊልም ሙዚቃ

እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው «ዶክተር ኖ» ፊልም የተሰማውን የጄምስ ቦንድ ዜማ ታውቁት ይሆናል። ጊታሩ አድብቶ ይመጣል፤ ጥሩምባዎቹ ድንገት ይጮኻሉ፤ ሰላዩ ገና ምንም ሳይሠራ ልባችሁ ይመታል። ይህን ድምፅ የሚኮርጁ ሙዚቀኞች ዛሬም ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የሰላዩን ኮት እንጂ ሰውየውን አያመጡልንም።

የእንግሊዛዊው ባሪ አዳምሰን «ሞስ ሳይድ ስቶሪ» (1989) የተሰኘ አልበም ከእነዚህ ይለያል። ሞስ ሳይድ አዳምሰን የተወለደበት የማንችስተር ሰፈር ነው። አልበሙ ከሞላ ጎደል ያለ ግጥም፣ በሦስት ክፍል የተቀነባበረ የወንጀል ፊልም ማጀቢያ ነው፤ ፊልሙ ግን ጨርሶ አልተሠራም። ማን እንደሚሸሽ፣ ማን እንደሚያሳድድ የምትወስኑት አድማጮቹ ናችሁ። አንዳንዱ ቁራጭ ድባብ ከመፍጠር አያልፍም፤ ታሪኩን ወደፊት አይገፋም። ቢሆንም የድሮ የስለላና የወንጀል ፊልሞችን ድምፅ ተውሶ፣ ካሜራ እምብዛም የማይዞርበትን የገዛ ሰፈሩን በጆሮ አሳይቶናል። ከናፍቆት የሚበልጠውም ይህ ነው።

እናንተም በጊታር ወይም በኪቦርድ ዜማ ስትሠሩ፣ ድምፅ መዋስ አያሳፍርም። ግን ጠይቁ፦ በተዋስኩት ድምፅ የምነግረው የማንን ታሪክ ነው?