ጉርብትና በትንንሽ ሳህን

በዳላስና በፎርት ወርዝ ያሉ ወይን ቤቶች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ሁለት ነገር እምብዛም አይቀርም፤ ቤቱ «የሰፈር» መሆኑና ትንንሽ ሳህኖቹ የጣሊያን መንፈስ ያለባቸው መሆኑ። ሜኑም እንደማንኛውም ጽሑፍ ይነበባልና ሁለቱ ቃላት የሚዘሉትን ማየት ይገባል።

ሰፈርን እናስቀድም። ኦክ ክሊፍ ውስጥ ያለው ቢሾፕ አርትስ በዳላስ በእግር ከሚዞርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያደረገው የከተማ ባቡር ነው፤ ሱቆቹ ፌርማታውን ተጠግተው ጎን ለጎን ተሠሩ። የዳላስ የቀድሞ የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1956 ቆመ፤ አዲስ መስመር እዚያ የደረሰው በ2016 ነው። ዴቪድ ኡይጉርና ባለቤቱ ጄኒፈር በ2010 ሉቺያን የከፈቱት እዚሁ ነው። ሉቺያ በስሙ ወይን ቤት አይደለም፣ ጠባብ ምግብ ቤት እንጂ። ሥጋውን እዚያው በጨው የሚያደርቅ፣ ፓስታውን በእጁ የሚሠራ ቤት በመሆኑ ግን የዚህ ዓይነቱ አበላል ደህና ምሳሌው እሱ ነው። ዝናው በገነነ መጠን ወንበር ማግኘት የቀጠሮ ጉዳይ ሆነ። ጎረቤት ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም፤ «ቡና ጠጡ» ሲባል ነጠላውን አጣፍቶ ከች ነው።

ትንሿ ሳህን በትውልድ አገሯ እንዲህ አልነበረችም። በቬኒስ ቺኬቲ የሚባለው ቁራሽ በትንሽ ብርጭቆ ወይን ቆሞ የሚበላ፣ ሠራተኛው ከገበያ መልስ የሚቀምሰው ነገር ነው። ዳላስ ሲደርስ ተቀመጠ፣ ዋጋውም አብሮ ተቀመጠ። «ለመካፈል» ተብሎ የሚቀርበው ሳህን ላይ ሦስት ቁራሽ ሲኖርና በጠረጴዛው ዙሪያ አራት ሰው ሲቀመጥ፣ መካፈሉ ሒሳብ ይሆናል። ትሪ ሰው አይቆጥርም፤ አምስተኛው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ይባላል። ለትሪውም ግን አናዳላ። ብቻውን ለገባ ስደተኛ፣ ለአራት ሰው የተሠራ ትሪ ፊት መቀመጥ ትንሽ ሳህን የማታውቀው ብቸኝነት ነው።

የበለጠ የሚከነክነው ግን ሁለተኛው ቃል ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ያለ ሜኑ የሚያውቀው የጣሊያን ወጥ ቤት አለው፤ ስጎ፣ ላዛኛ፣ አሮስቶ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ። ፍራንቼስኮ ካስቴሊ ከወረራው በኋላ አዲስ አበባ ቀርቶ ምግብ ቤቱን የከፈተባት ፒያሳ ራሷ ስሟ ጣልያንኛ ነው። ያቺው ከተማ ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉትንም ታስባለች። ስሙና ሐውልቱ አንድ ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ «መንፈስ» የሚለው ቃል ለስላሳ ሆኖ አይሰማም። እንጀራ ላይ ፓስታ በስጎ የሚያፈሰው ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ከማንም መንፈስ ተቀበልኩ አይልም፤ ምሳውን ይበላል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ደግሞ ሰፈሩ ተበትኖ ጣልያንኛው ስም ቀረ። ይህን ያየ አንባቢ ዳላስ ውስጥ «የሰፈር» የሚል ጽሑፍ መስኮት ላይ ሲያነብ በቀላሉ ባይማረክ አይፈረድበትም።

ሜኑው የዘለለው የቴክሳስ ነገርም አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ ሲያጠፋ፣ ከዳላስ በስተሰሜን ዴኒሰን የሚኖረው ቶማስ ቮልኒ ማንሰን ተባዩን የሚቋቋሙትን የቴክሳስ የዱር ወይኖች ለይቶ ያውቅ ነበር። የአውሮፓው ቅርንጫፍ በአሜሪካ ሥር ላይ ተገጥሞ እንዲተከል ላደረገው እገዛ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1888 ኒሻን ሰጠችው። ዛሬም አብዛኛው የአውሮፓ ወይን፣ የጣሊያኑም ጭምር፣ የሚበቅለው በአሜሪካ ሥር ላይ ነው። ቢሾፕ አርትስ ውስጥ «ከፒየሞንቴ» ተብሎ የሚቀዳው ብርጭቆ ሥሩ የዚሁ የአሜሪካ ዘር ሊሆን ይችላል፤ በሜኑው ላይ የሚጻፈው ግን ፒየሞንቴ ብቻ ነው።