የነፃ ፓርኪንግ ሂሳብ

ስለ ትልልቅ ሞሎች ክርክር በተነሳ ቁጥር መጨረሻ ላይ የምትመጣ አንዲት አባባል አለች፦ «ሕዝቡ ነው የመረጠው»። ከከተማ ወጣ ብሎ ሞል ይሠራል፤ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወደዚያ ይሄዳል፤ መሀል ከተማ ያሉት ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ማንም በግድ አልተጎተተ፤ ታዲያ ማን ይወቀስ? አባባሏ አጭር ናት፣ ፍትሐዊም ትመስላለች። እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁንም ቢሆን ውሸት ናት አልልም፤ ግን የምትናገረው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ዳድሊ ትባላለች፤ ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ ናት። ኮረብታዋ ላይ ጥንታዊ ግንብ አለ፤ ከሥሩ መሀል ከተማውና ገበያው። አካባቢው የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነበር። ከዳድሊ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ብራየርሊ ሂል ላይ፣ ከ1857 ጀምሮ የሠራ ራውንድ ኦክ የሚባል የብረት ፋብሪካ ነበር። ዲሴምበር 1982 ላይ ተዘጋ። ከ1 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አጣ። አባትና ልጅ አንድ በር በሚገቡበት ሰፈር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

የማርጋሬት ታቸር መንግሥት እንዲህ ላሉ ቦታዎች ያዘጋጀው መድኃኒት «ኢንተርፕራይዝ ዞን» ይባል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካርታ ላይ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ውስጥ ያለ ድርጅት ለ10 ዓመት የንግድ ቤት ግብር አይከፍልም፤ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ሕንፃ ያወጣውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀንሳል፤ የግንባታ ፈቃድም እንደ ሌላው ቦታ አያስለፋም። የተጠበቀው አዲስ ኢንዱስትሪና አዲስ ሥራ ነበር። ዶን እና ሮይ ሪቻርድሰን የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ግን ሌላ ነገር ታያቸው፦ እዚህ መስመር ውስጥ ሱቅም መሥራት ይቻላል።

ከፋብሪካው ጎን ሜሪ ሂል የሚባል የእርሻ መሬት ነበር። ሞሉ የተነሳው እዚያ ላይ ነው። በ1985 ትልልቅ መጋዘን መሰል ሱቆች ተከፈቱ፤ ቀጥሎ ሌላ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ፤ በ1989 መጨረሻ ላይ በብሪታንያ ካሉት ትልልቆቹ ሞሎች አንዱ ሆኖ ቆመ። በብረት ፋብሪካው መሬት ላይ ደግሞ ዋተርፍሮንት የሚባል የቢሮ ሰፈር ተሠራ።

በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ከዚህ ታሪክ መጀመሪያ የገረመኝ ይህ በየክፍሉ ማደግ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ተነስቶ «ለዳድሊ ተቀናቃኝ የሚሆን መሀል ከተማ እንሥራ» ብሎ አልወሰነም። እኛም ኮድ ስንጽፍ እንዲህ እናደርጋለን፤ ትንሽ ለውጥ፣ ደግሞ ትንሽ ለውጥ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም የማይመስል። ሁሉም ሲደመር ግን ማንም አስቦት የማያውቅ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ሥራችንን ሌላ ሰው አይቶ እንዲያጸድቀው የምናደርገው። ዞኑ ያነሳው ይህንኑ ነው። «ይሄ ነገር ሲያልቅ ጎረቤት ከተማ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ነው የሚል ሰው በመንገዱ ላይ አልነበረም።

ያመጣው ይህ ነው። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ዳድሊ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ሜሪ ሂል ገባ። ቢኤችኤስም እንዲሁ። ሌሎችም ተከተሉ። በ1993 ለብሪታንያ መንግሥት የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እንደ ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ ባሉ ሸቀጦች ዳድሊ የነበራት የገበያ ድርሻ ከ1985 እስከ 1990 ባለው ጊዜ በ70 በመቶ ወርዷል። አምስት ዓመት ነው!

ቁጥሩን ብቻ አይቶ ማለፍ ግን ስህተት ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይሻላል። ትልቅ ሱቅ ለራሱ ብቻ አይደለም ደንበኛ የሚያመጣው። ለኮት የመጣች ሴትዮ ጫማዋን ለማስጠገን ጎራ ትላለች፤ ሥጋ ትገዛለች፤ ሻይ ትጠጣለች። ትልቁ ሱቅ ሲሄድ ጫማ ጠጋኙ ምንም ሳያጠፋ ደንበኛው ይቀንሳል። ጥቂቱ ሲዘጋ መንገዱ ጭር ይላል፤ መንገዱ ጭር ሲል የቀረውም ይዘጋል። በመጨረሻ «ድሮም የሞተ ቦታ ነው» ይባላል።

እስቲ አሁን ወደ «ሕዝቡ ነው የመረጠው» እንመለስ። የዳድሊ ሰው በእርግጥ መርጧል። ግን በምን እና በምን መካከል? አንዱ ሱቅ የንግድ ቤት ግብር ይከፍላል፤ ሌላው ለ10 ዓመት አይከፍልም። አንዱ ጠባብ የድሮ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሌላው ወጪው ከግብር በሚቀነስ አዲስ ሕንፃ ውስጥ። አንዱ ጋ መኪና ለማቆም ሳንቲም ይቆጠራል፤ ሌላው ጋ በሺዎች የሚቆጠር ነፃ ፓርኪንግ አለ። ገዢው በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ዋጋውን ያስተካከለ አካል ነበር፤ ያ አካል መንግሥት ነው። ፓርኪንጉ ለባለ መኪናው ነፃ ነው እንጂ ነፃ አይደለም። ያልተሰበሰበው ግብር ከሕዝብ ካዝና የቀረ ገንዘብ ነው። የዳድሊው ጫማ ጠጋኝ ግብሩን እየከፈለ፣ ግብር ከማይከፍል ጋር ተወዳደር ተባለ። ይሄ ገበያ ነው ከተባለ፣ ሚዛኑን ማን እንደያዘም አብሮ ይነገር።

መኪና የሌለውስ? ዳድሊ የመንገደኛ ባቡር ጣቢያዋ የተዘጋው በ1964 ነው። የቀረው አውቶቡስ ነበር። ልጅ ያዘለች እናት፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ በእግር ይደርሱበት የነበረውን ሱቅ አጥተው አውቶቡስ መጠበቅ ያዙ። እነሱ አልመረጡም። ምርጫው ሲቆጠር ያልገቡ ድምፆች ናቸው።

ለሞሉ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ የሰጠውን መካድ አይገባም። ፋብሪካ በተዘጋበት አገር ሥራ አምጥቷል። የእንግሊዝ ዝናብ በማይገባበት ጣሪያ ሥር፣ ብርሃን ባለበት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ባለበት፣ በጋሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ደረጃ በሚንቀሳቀስበት ቦታ መገበያየት ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ሞል ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ገዢው ላይ ይሾፋል፤ እኔ ያ አይመቸኝም። ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር ሜሪ ሂል ሲዞሩ የዋሉ ልጆች ሞኞች አልነበሩም። የተሻለውን አይተው ሄዱ። ጥያቄው የተሻለው ለምን እዚያ ብቻ ተሠራ፣ በማንስ ወጪ ነው።

ሞልን የፈጠረው ሰው ራሱ በዚህ ጥያቄ ተቃጥሎ ነው የሞተው። ቪክቶር ግሩን በ1903 ቪየና ተወለደ፤ አይሁዳዊ ነበርና በ1938 ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። በ1956 ሚኒሶታ ውስጥ የተከፈተው ሳውዝዴል፣ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ሥር የሆነ የመጀመሪያው የዘመናችን ሞል፣ የእሱ ንድፍ ነው። የግሩን ሕልም ግን ሱቅ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻ እንዲኖር አስቦ ነበር፤ መኪና ውጭ ቀርቶ ሰው በእግሩ የሚገናኝበት፣ እንደ ቪየና ያለ መሀል ከተማ። የተሠራው ትርፍ የሚያመጣው ክፍል ነው፤ ሌላው ወረቀት ላይ ቀረ። ዙሪያውን የከበበው ፓርኪንግ ሆነ። ግሩን በኋላ በሞሎቹ አፍሮ በአደባባይ ካዳቸው። ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በ1976 ከከተማዋ በስተደቡብ አንድ ግዙፍ ሞል ተከፈተ! በ1980 አረፈ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ንድፍ አውጪው መጥፎ ነበር የሚል አይደለም። ጥሩ ሐሳብ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የትኛው ክፍል እንደሚገነባ የሚወስነው ማን ምን እንደሚከፍል ነው።

ብሪታንያ ዘግይታም ቢሆን ተማረች። በ1996 የወጣው መመሪያ ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንደ ኮድ የሚነበብ ነው፦ ትልቅ ሱቅ መሥራት የፈለገ መጀመሪያ መሀል ከተማ ቦታ ይፈልግ፤ ከሌለ ጠርዙ ላይ፤ እሱም ከሌለ ብቻ ከከተማ ውጭ። ግን አስቀድመው ፈቃድ ያገኙ ነበሩና ማንቸስተር አጠገብ ትራፎርድ ሴንተር በ1998፣ ኬንት ውስጥ ብሉዋተር በ1999 ተከፈቱ። ሜሪ ሂልስ? በ2008 የአካባቢው የልማት ዕቅድ ብራየርሊ ሂልን ከነሞሉ «ስትራቴጂካዊ መሀል ከተማ» ብሎ ሰየመው። እኛም እኮ ስህተቱን ማረም ሲያቅተን «እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው» ብለን ሰነዱን እናስተካክላለን።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም፤ አሁን እኔ ራሴ የምገባበት ቦታ ላይ ደርሷል። ቢኤችኤስ በ2016 ከሰረ። የሜሪ ሂል ባለቤት የነበረው ኢንቱ በ2020 ወደቀ። ደብንሃምስ በ2021 በሮቹን ዘጋ። ዳድሊን ባዶ ያደረገው ነገር ባዶ ሱቅ ምን እንደሆነ ቀመሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ አንዱ ግን ስልክ ላይ መግዛት ነው። የዚያን መግዣ ገጽ የምንሠራው ደግሞ እንደ እኔ ያለን ሰዎች ነን። ዕቃ መግዣ ገጽ ስሠራ ስክሪኔ ላይ የነበረው ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ከፈለ፣ ስንቱ መሀል ላይ ተወው የሚል ነበር። የዴሊቨሪው ልጅ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆመ አልነበረም። ያቺ ከሰፈሩ ጠፍታ የነበረች ትንሽ ሱቅም አልነበረችም። ቁጥሩ ሲጨምር «ተጠቃሚው መረጠን» ብለን አጨበጨብን። ያቺው አባባል ናት።

እዚህ አብዛኛው ሰው በታክሲ፣ በአውቶቡስና በእግሩ ነው ገበያ የሚሄደው። ስለዚህ ቀጥሎ ከከተማ ወጣ ያለ ትልቅ ነገር ሲመረቅ፣ ወይም ሁሉን በእጃችሁ አመጣሁ የሚል አፕ ሲመጣ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገር ብትጠይቁ እላለሁ። ግብሩን ማን ተማረለት? መኪና የሌለው እንዴት ይደርሳል? ሳይቆጠር የቀረው ማን ነው?

ሜሪ ሂል በ1991 ከሞሉ እስከ ዋተርፍሮንት ቢሮዎች የሚያደርስ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የራሱ ባቡር አስመርቆ ነበር። ዳድሊ የመንገደኛ ባቡር ጣቢያ ካጣች 27 ዓመት ሆኗት ነበር። የሞሉ ባቡር በ1996 ቆመ፤ ተነቅሎ አውስትራሊያ ላለ ሌላ የገበያ ማዕከል ተሸጠ።