መዳቡን ለማትረፍ

ቶሮንቶ ውስጥ ወደ ስልክ ማዕከል የኃይል ክፍል የሚገባ አዲስ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ አንድ ነገር ግር ይለዋል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከመሬት ጋር በታሰረው የመዳብ ባር ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ወደ መሣሪያዎቹ በሚሄደው መስመር ላይ ሲያደርግ 54 ቮልት ያነባል፤ ከቁጥሩ ፊት ግን የመቀነስ ምልክት አለ። «ሽቦው ተገልብጦ ይሆን እንዴ?» ይላል። አልተገለበጠም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የእርሳስ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 48 ይሆናሉ፤ ቻርጅ ላይ ሲቆዩ ወደ 54 ከፍ ይላሉ። ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር ይታሰራል፣ ኔጌቲቩ መሣሪያውን ይመግባል። ምክንያቱን የሚነግረን ከመንገዱ በታች ያለው ኬብል ነው። በክረምት የቶሮንቶ ጎዳናዎች ላይ ጨው ይበተናል። በረዶው ሲቀልጥ ጨዋማው ውኃ ወደ ማንሆሎቹ ይወርዳል፣ ያረጀ ሽፋን ካገኘም ወደ ኬብሉ ይገባል። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ በሁለት ብረቶች መካከል ቮልቴጅ ካለ የሚበላው በፖዘቲቭ በኩል ያለው ነው፤ ኤሌክትሮኑን እየለቀቀ ውኃው ውስጥ ይሟሟል። በኔጌቲቭ በኩል ያለው ይተርፋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የስልክ ሽቦ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ ውሎ አድሮ ይበጠስ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ ፖዘቲቩ ወደታሰረበት የመሬት ዘንግ ተላከ፤ ዘንጉ ወፍራም ነው፣ የት እንዳለ ይታወቃል፣ ሲያልቅም ይቀየራል። የተቀበሩ የብረት ጋዝ ቧንቧዎችም ኔጌቲቭ እየተደረጉ የሚጠበቁት በዚሁ ዘዴ ነው።

48 የሆነውስ ለምንድን ነው? ቮልቴጁ ዝቅ ቢል ረጅሙ መስመር ይበላዋል፤ በጣም ከፍ ቢል ሠራተኛውን ይጎዳል። 48 መካከለኛው ነው። ቢሆንም ዝቅተኛ ነው ብሎ የኃይል ክፍሉን የሚንቅ ሰው አልወድም። የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን ባር ያገናኘ መፍቻ በቅጽበት ይቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት በር ላይ ይወልቃሉ፣ የመፍቻው እጀታ በቴፕ ይጠቀለላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቶሮንቶ ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለችም። ነሐሴ 10 ቀን 1876 (እ.ኤ.አ.) አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ኦንታሪዮ ውስጥ ፓሪስ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ከብራንትፎርድ የሚናገሩትን ሲያዳምጥ፣ የመስመሩ ባትሪ የነበረው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቶሮንቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የራሱ ባትሪ ያለው፣ እጀታው እየተሽከረከረ የሚደወልበት ስልክ መጣ፤ በመጨረሻ ግን ባትሪው ተመልሶ ወደ ማዕከሉ ገባ። የዚህ ጥቅም ነሐሴ 14 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) ታየ። ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ኦንታሪዮና የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጨለማ ሲሆኑ፣ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ መብራት ጠፍቶበት ሳለ፣ በመዳብ ሽቦ የተያያዘ ተራ የቤት ስልክ ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም፤ መብራት ሄዶ ስልክ ሲጮህ የሰማ ብዙ ነው።

ዛሬ መዳቡ በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሚዝግም ሽቦ የለውም። ኔጌቲቩ ግን ማዕከሉ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሬክቲፋየሩም፣ ብሬከሩም፣ መሣሪያውም የተሠሩት ለእርሱ ነውና። አንዳንድ የቆዩ የሞባይል ጣቢያዎች በፖዘቲቭ 24 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ሕንፃ ማግኘት ለስህተት በር መክፈት ነው። እኔ የመቀነስ ምልክቱ ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ። ነገር ግን አዲሱ ሠራተኛ በቃሉ ከሚሸመድደው ምክንያቱን ይወቅ፤ ምክንያቱን ያወቀ እጅ ሽቦ አይገለብጥም።

አንድ ነገር ግን ለአንባቢ ልናገር። ፋይበር ሲገባ የማዕከሉ ባትሪ እቤታችሁ ድረስ መምጣቱን አቁሟል። ስልኩ የሚሠራው በሞደሙ ነው፤ ሞደሙ ደግሞ በግድግዳው መብራት። አዛውንት እናት ወይም አባት ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ፣ ሞደማቸው መጠባበቂያ ባትሪ እንዳለው ዛሬውኑ ጠይቁላቸው፤ ከሌለው ግዙላቸው።