ወጋየሁ ንጋቱ፤ መድረክ በሌለበት የተሰማ ተዋናይ

ሠዓሊ ሸራውን፣ ደራሲ መጽሐፉን ትቶ ያልፋል። የመድረክ ተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይዘጋል። ለተመልካቹ የሚቀረው ትዝታ ነው፤ ትዝታም ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ማስረጃ ነው። በ1982 ዓ.ም. ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ያረፈው ወጋየሁ ንጋቱ ከዚህ ደንብ በግማሹ አምልጧል፤ በግማሹ ደግሞ የደንቡ ሰለባ ሆኖ ቀርቷል። ያመለጠው በድምፁ ነው። መድረክ ላይ የቆመው ሰውነቱ ግን ካዩት ሰዎች ጋር እያለፈ ነው።

ይህ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከቡሌ ሆነው ሲያዩት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ቡሌ በጌዴኦ ዞን ከዲላ ከተማ በስተምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣበት ደጋ ነው። ቡናው ዝቅ ብሎ በወይና ደጋው ይቀራል፤ እንሰቱና ገብሱ ግን ብርዱን ተቋቁመው ወደ ላይ ይዘልቃሉ። ዲላ ራሷ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ ማዶ የአገሪቱ የቴአትር ታሪክ የተሠራባቸው ቤቶች አሉ፤ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በ1957 ዓ.ም. ተከተለ። ሦስቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል። እንግዲህ «የኢትዮጵያ ተዋናይ» ይባል የነበረው ሰው ባመዛኙ የአንድ ከተማ ሕዝብ ተዋናይ ነበር ማለት ነው። ፊልሙም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ርቀት አልተጓዘም። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ቢሠሩም ሲኒማ ቤት ለሌለው ወረዳ ከወሬ አያልፉም ነበር።

ወደ ደጋው የወጣው በድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ መጽሐፉንም ገዝቶ ሊያነብ የማይችል ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ታላቅ ተዋናይን ሙሉ ሥራ ያለ ቲኬት ተሰጠው። ትረካው በኋላም በካሴት ተባዝቶ፣ ከዚያም ካሴቱን በተካው ሁሉ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዱን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ይህን ተራኪ አስበው እንዳልጻፉ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ዛሬ መጽሐፉን በዓይኑ ብቻ የሚያነብ፣ የወጋየሁ ድምፅ በጆሮው የማያቃጭልበት አንባቢ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይህ ሥራ «ንባብ» ተብሎ መጠራቱ የተለመደ ስሕተት ነው። ያነበበ ሰው ቃሉን ያሰማል፤ ወጋየሁ ያሰማው ግን ቃሉን የሚናገረውን ሰው ነው። ድምፅን ማቅጠንና ማወፈር ማንም ቧልተኛ የሚችለው ነገር ነው። የወጋየሁ ጥበብ ያለው በትንፋሹ ላይ ነው፤ ማን ሳይቸኩል እንደሚናገር፣ ማን የሌላውን አፍ እንደሚነጥቅ፣ ማን ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እንደሚተወው ለይቶ ማወቁ ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በራሳቸው ክብር ከልብ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ደካማ ተዋናይ እዚህ ላይ አድማጩን ለማሳቅ ራሱ ቀድሞ ይስቅባቸዋል። ወጋየሁ አይስቅባቸውም፤ በትዕቢታቸው ልክ ያከብራቸዋል። ሳቁም ቁጣውም ለአድማጩ ይቀራሉ።

ጉዱ ካሳ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ፈተና ነበር። አገሬው ካሳ ዳምጤን እንደ እብድ ስላየው «ጉዱ» አለው። ተዋናይ የአገሬውን ቃል ተቀብሎ እብድ ሊያደርገው ይችላል፤ ወይም ደግሞ ደራሲው በአፉ ያኖሩትን የለውጥ አሳብ አይቶ ሰባኪ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱም ገጸ ባሕርዩን ይገድሉታል። በወጋየሁ ትረካ ውስጥ የሚሰማው ግን እውነቱን ደጋግሞ ተናግሮ ማንም ያልሰማው፣ በድካሙ ውስጥ እንኳ ቀልዱን ያልተወ ሰው ነው። ስለ አሮጌው ሥርዓት አወዳደቅ ብዙ ተውኔት ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን ጉዱ ካሳን በሰባኪነት ደግሞ የሚሠራ ነበር። የዚያ ዘመን ጸሐፍተ ተውኔት ይህን ትረካ እየሰሙ ከትረካው አለመማራቸው የሚያስቆጭ ነው።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሰብለ ወንጌል በመጽሐፉ ውስጥ የምታፈቅርና የምታለቅስ ልጃገረድ ብቻ አይደለችም፤ የአባቷን ቤት ጥላ በእግሯ ለመኮብለል የምትወስን ሴት ናት። ትረካው ለስላሳነቷን በሚገባ ይዞታል፤ ውሳኔዋን ግን ከለስላሳነቷ ውስጥ አላወጣውም። ወንድ ድምፅ ሴትን ሲወክል ወደ ቀጭኑና ወደ እንባው ማዘንበሉ ከጥንት የመጣ የቴአትራችን ልማድ ነው፤ በሀገር ፍቅር የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ሚና ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች እንደነበሩ አይዘነጋም። ወጋየሁን የሚያህል ጠቢብ ከዚህ ልማድ ሙሉ በሙሉ አለማምለጡ ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል።

የቡሌ አድማጭ ከዚህ ሥራ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። የመጽሐፉ አገር ጎጃም ነው፤ ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ ናቸው። የአብነት ትምህርቱ፣ ማዕረጉ፣ የዘር ቆጠራው ሁሉ በጌዴኡፋ አፉን ለፈታ ሰው ሩቅ ነው። ነገር ግን ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት ከደንቡ በላይ አንገብርም ብሎ የሚነሣበት፣ ፊታውራሪውም ሊቀጡት ዘምተው ራሳቸው የሚማረኩበት ክፍል ለጌዴኦ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም.፣ ማለትም መጽሐፉ ከመታተሙ ስድስት ዓመት በፊት፣ የጌዴኦ ገበሬ የባለመሬቶቹ ግብር መሮት በሚችሌ ተነሥቶ ደም ፈሷል። ልዩነቱ የልቦለዱ ገበሬ ጌታውን መማረኩ፣ የሚችሌው ገበሬ ግን መመታቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ቤተ ሰብ ያሳደገው አድማጭ ያንን ክፍል የሚሰማው እንደ ሩቅ አገር ታሪክ አይሆንም። የቃሉ ትርጉም እንኳ ቢያመልጠው፣ የሚያዝዘውና የሚታዘዘው ሰው ማንና ማን እንደሆኑ የተራኪው ድምፅ ቀድሞ ይነግረዋል። የማዕረግ ስም ሳይገባው ማዕረጉ ይገባዋል።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የወጋየሁ ድምፅ ብቻውን ስለቀረ፣ ድምፁ ጥበቡ ራሱ መስሎ ታየ። ከእርሱ ወዲህ «ጥሩ ተራኪ» ማለት ድምፁን ወፈር፣ ንግግሩን ዘግየት፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተንፈስ የሚያደርግ ሰው ሆኗል። ይህ አነጋገር ከሬዲዮ ወደ ትምህርት ቤት ድራማ ክበባት፣ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን ተዋንያን ተጋብቷል። በደቡብ ደጋ አንድ ወጣት የአካባቢውን ሽማግሌ ልጫወት ብሎ ሲነሣ ከአፉ የሚወጣው የጎጃም ባላባት ዜማ ከሆነ፣ ከወጋየሁ የወሰደው ልብሱን እንጂ ሙያውን አይደለም። ሙያው ማዳመጥ ነበርና።

ለማዳመጥ ደግሞ የጌዴኦ ወጣት ተዋናይ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ሶንጎ አለው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምርቃቱ በምን ቃና እንደሚጀመር፣ የተቆጣ ሰው ቁጣውን በየትኛው ዝምታ ውስጥ እንደሚደብቅ እዚያ ይሰማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ትክል ድንጋዩም፣ እንሰትና ቡና ከዛፍ ጥላ ጋር የሚኖሩበት እርሻም ተገቢውን ክብር አግኝተዋል። የሰው አነጋገር ግን በካርታ ላይ አይሰፍርም፤ የሚያቆየው ጆሮ ያለው ተዋናይ ነው።

ስለ መድረኩ ወጋየሁ ጥቂት መናገር እንኳ አስቸጋሪ ሆኗል። ስሙ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ጋር አብሮ ይነሣል፤ ያዩት ሰዎች ስለ አቋቋሙ፣ ስለ እጁ፣ ተራው ባልሆነበት ጊዜ እንኳ ስለ አደማመጡ ያወራሉ። ወሬ ግን ለተማሪ ማስተማሪያ አይሆንም። የትወና ጽሑፎች ከነማስታወሻቸው፣ ፎቶግራፎች፣ የቴአትር ማስታወቂያዎች በየግለሰቡ ቤት ተበታትነዋል፤ አብረውት የተጫወቱትም ዕድሜያቸው ገፍቷል። የሙያ ማኅበራትና የቴአትር ትምህርት ክፍሎች ቃላቸውን ለመቅረጽ የሚያስፈልጋቸው አንድ መቅረጫና ጥቂት ወራት ነው።

በቡሌ ለሚያስተምር የቋንቋ መምህር ደግሞ ከዚህ የቀለለ ሥራ በእጁ አለ። የአበጀ በለውን ክፍል ከትረካው ላይ ለተማሪዎቹ ያሰማ፤ ከዚያ ጽሑፉን ሰጥቶ ያንኑ ክፍል በጌዴኡፋ፣ በአያቶቻቸው አነጋገር፣ ራሳቸው እንዲጫወቱት ይዘዛቸው።