አስመስሎ የመሥራት ትምህርት፤ ጥቅሙና ጉድለቱ

ሥራን በሥራ ማስተማር እንደሚበልጥ ለመምህር የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ አያሌ ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ በጨዋታ መልክ የሚሰጠው የ«አጃይል» ሥልጠና እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ ዘዴው ለእኛም ክፍል ምን ያህል እንደሚበጅ መመርመር ይገባናል።

አጃይል ቀልጣፋ የአሠራር ዘዴ ማለት ነው። በ1993 ዓ.ም. አሥራ ሰባት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያዎች በአሜሪካ፣ በዩታ ተሰብስበው መርሑን በጽሑፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩም ሥራን በአጫጭር ጊዜ ከፋፍሎ መሥራት፣ የተሠራውን ለተጠቃሚው ቶሎ ማሳየትና ከአስተያየቱ ተምሮ ማረም ነው። ይህን ለማስተማር ከሚዘወተሩት ጨዋታዎች አንዱ ኳስ መቀባበል ነው። ቡድኑ እያንዳንዱ ኳስ በአባላቱ ሁሉ እጅ እንዲያልፍ አድርጎ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ያሳልፋል፤ ከዚያም ለአንድ ደቂቃ ቆሞ ይመካከርና እንደገና ይሞክራል።

የዘዴው ጥንካሬ ግልጽ ነው። ሠልጣኙ ስሕተቱን በገዛ ዓይኑ ያያል፤ ዓይነ አፋሩም ሳይቀር ሐሳብ ይሰጣል፤ ቆም ብሎ መመካከር የሚያስገኘው ጥቅም በቁጥር ይታያል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ሰዉ ሲበዛ ነው። መቶ ሰዎች በአሥር ጠረጴዛ ሲከፈሉ፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን ሥራ አሳምሮ ይጨርሳል፤ ይጨበጨባል፤ ጉባኤው ይበተናል። በመሥሪያ ቤት ግን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በአንዱ ክፍልና በሌላው መካከል ነው። ይህን የማያሳይ ልምምድ ደስታን እንጂ ዕውቀትን አያተርፍም።

ለዚህ በናይሮቢ የሚገኘውን ኢምባካሲን እንመልከት። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራው የአውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያ ነው። የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚሠለጥኑበት የምሥራቅ አፍሪካ የአቪዬሽን ትምህርት ቤትም በዚያው ይገኛል። በዚህ ሙያ አስመስሎ መሥራት የዘወትር ግዴታ ነው፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም የአውሮፕላን ማረፊያዎች የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ ሐኪሙና አየር መንገዱ በአንድነት የሚሳተፉበትን የአደጋ ልምምድ በየጊዜው እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ሆኖም ነሐሴ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ንጋት ላይ እሳት ተነሥቶ የዓለም አቀፍ መንገደኞችን መቀበያ ሕንፃ ሲያወድም፣ ምላሹ ዘገየ የሚል ብርቱ ወቀሳ ተሰማ። ደግነቱ የሰው ሕይወት አልጠፋም። እንግዲህ የልምምድ ደንብ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን።

ከእሳቱ በኋላ የተደረገው ግን የሚመሰገን ነው። አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ሳይጠበቅ በረራው ደረጃ በደረጃ ተጀመረ፤ መንገደኞችም በድንኳን፣ ኋላም ለመኪና ማቆሚያ በተሠራው ሕንፃ ምድር ቤት ተስተናገዱ። ባለው ነገር ቶሎ ጀምሮ እያሻሻሉ መሄድ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ በክፍላችን ምን እናድርግ? ስልሳ ተማሪዎች በስድስት ቡድን ቢከፈሉ፣ የአንዱ ቡድን ሥራ ለሌላው መነሻ ይሁን። ኳሱ ከጨርቅ ቢሠራ ይበቃል። በመካከሉ መምህሩ ሳያስጠነቅቅ ዕቃውን ይቀንስ፤ ትእዛዙን ለአንድ ቡድን ብቻ ነግሮ ወደ ሌሎቹ እንዴት እንደሚደርስ ይከታተል። ከክፍለ ጊዜው እኩሌታው ለውይይት ይዋል፤ የውይይቱም ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» ከሚሆን ይልቅ «መልእክቱ የት ላይ ቆመ?» ቢሆን ይሻላል። ከሳምንታት በኋላም ተማሪዎቹ የተማሩትን በቤተ መጻሕፍት ወይም በአትክልት ሥራ ላይ ሲያውሉት መታየት አለበት። በዚያ ካልታየ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነውና፣ መምህሩ ልምምዱን እንደገና ያዘጋጅ።