ኦሪጅናሉ የት ገባ?

የፖለቲካ ካርቱን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጋዜጣው ላይ የወጣውን ነው። እሱ ግን ሥዕሉ ሳይሆን የሥዕሉ ፎቶግራፍ ነው፤ ያውም ተቀንሶ የታተመ። ሠዓሊው በሰፊ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል፣ በጥቁር ቀለም ያጠነክራል፣ ያልወደደውን በነጭ ቀለም ይሸፍናል። ኅትመት ላይ ነጩ ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆንና ይጠፋል። ኦሪጅናሉን የሚሰበስብ ሰው እንግዲህ የሚያገኘው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊው የቱ ጋ እንዳመነታ ያያል።

የዋሽንግተን ፖስቱን ኸርብሎክን እንውሰድ። ከ1929 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሲስል ኖረ። «ማካርቲዝም» የሚለውን ቃል በ1950 በሬንጅ በርሜል ላይ ጽፎ ያስለመደው እሱ ነው። (በየዕቃው ላይ ስም መለጠፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛን ይሰለቸናል።) ከሞተ በኋላ በ2002 ከ14,000 የሚበልጡ ኦሪጅናሎቹ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ። ዛሬ ተመራማሪው ከቀለሙ ሥር ያለውን እርሳስ ሳይቀር ያያል።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ይመራል። የሮማው የፌዝ ጋዜጣ የ«ማርክ አውሬሊዮ» ሠዓሊ ኤንሪኮ ዴ ሴታ፣ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ለኢጣሊያ ወታደሮች የፖስታ ካርድ ይስል ነበር። በአንዱ ላይ ወታደሩ የፍሊት መርጫ ይዞ ያገራችንን ሰዎች እንደ ተባይ ይነፋባቸዋል። የመርዝ ጋዙ ዘመን እኮ ነው! መስመሩ ቀላል፣ ቀለሙ ደማቅ፣ እጁ የሠለጠነ ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፣ ሳያስቡት ያስቃል። እነዚህ ካርዶች ዛሬ ሰብሳቢ አላቸው። ይቃጠሉ አንልም፤ ማስረጃ ናቸውና ይቀመጡ። ግን የወራሪው ቀልድ ገዢ ሲያገኝ የእኛ ሠዓሊዎች ወረቀት ምን ይሁን? አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል፤ ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላም የግል ጋዜጦች በካርቱን ስንቱን ባለሥልጣን ጎነተሉ። የታተመውን ወመዘክር ያስቀምጠዋል እንበል፤ ኦሪጅናሉንስ ማን ጠየቀ?

አዊ ማስታወስ አያውቅም አይባልም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከኢጣሊያ ጋር የተደረገውን ጦርነት በፈረስ ያስበዋል፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የተገኘ ያውቀዋል። ወረቀቱ ነው ባለቤት ያጣው። ስለዚህ ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ፣ ጋዜጣ ቤት የሠራ ዘመድ ያለው ተማሪ ቢኖር፣ የታተመውን ቅጂ ሳይሆን ራሱን ሥዕሉን ይጠይቅ፤ ጀርባው ላይ የአርታኢ ጽሑፍ ካለም አይፋቅ፣ ነጩም ቀለም እንዳለ ይቆይ።