የማግስቱ ልምምድ

አሰልጣኝ በተሰናበተ ማግስት የክለብ ስልክ አያርፍም። ደላላ ይደውላል፤ የቀድሞ ተጫዋች ይደውላል፤ ለቦርድ አባል የሚቀርብ ሰው ይደውላል። ሁሉም አንዳንድ ስም ይዘዋል፤ ሁሉም "እሱ ከመጣ ቡድኑ ዳነ" ይላሉ። በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ዋና አሰልጣኝ አምስት ጊዜ ፈልገናል። አምስቱንም ጊዜ ሰው ቀጥረናል። የፈለግነውን ያገኘነው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

ፍለጋ ስንጀምር ዓይናችን ላይ ያለው የተሰናበተው ሰው ነው። ቁጡ ነበር ካልን ለስላሳ እንፈልጋለን። ለስላሳው ተጫዋቾቹ ናቁት ተብሎ ሲሄድ ደግሞ "ሥነ ሥርዓት የሚያስከብር" እንላለን። ክፍት ጨዋታ የሚወደው ብዙ ግብ አስተናገደ ተብሎ ከተሸኘ በኋላ ቦርዱ "መጀመሪያ በር መዝጋት የሚያውቅ ሰው አምጡ" ይለናል። እንዲህ እየተባለ ክለቡ እንደ ፔንዱለም ከዳር ዳር ይወዛወዛል፤ ለአንዱ ተብለው የተገዙ ተጫዋቾች ለሌላው አይሆኑም።

አመሉ የእኛ ብቻ አይደለም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ዋልያዎቹን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱ፣ በ2006 መጀመሪያም ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ ማለፊያ ከናይጄሪያ ጋር እስከተደረገው የመጨረሻ ዙር ያደረሱ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፈን ስንመለስ ተሰናበቱ። ቀጥሎ የውጭ ሰው ይሁን ተባለና ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። እሳቸውም ዓመት ያህል ቆይተው ተሸኙ፤ ተመልሰን ወደ አገር ውስጥ ዞርን፤ ዮሐንስ ሳህሌ ተሾሙ። "የውጭ ወይስ የአገር ውስጥ?" የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየቦርዱ ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሳ ነው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ አልወደውም፤ ስለ አሰልጣኙ ፓስፖርት ይጠይቃል እንጂ ስለ ቡድኑ አንድም ነገር አይጠይቅም።

ስለ ቡድኑ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። አሁን ወሩ ስንት ነው? የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል ወይስ ገና ክፍት ነው? ካሉን አማካዮች ውስጥ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ መቀበል የሚችል ስንት አለ? አሰልጣኝ ውበቱ አባተ በ2003 ኢትዮጵያ ቡናን የሊጉ ሻምፒዮን ያደረጉት ኳስ በሚይዝ ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን በአሥራ አምስት ቀን አይሠራም። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ደግሞ በ2010 ገና ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታን፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ሁለት ክለብ ለዋንጫ አብቅተዋል። ሁለቱም ትልልቅ ባለሙያዎች ናቸው። ግን የካቲት ላይ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ክለብ የሚያስፈልገውን ሰው፣ ነሐሴ ላይ ቡድን ከመሠረቱ ሊገነባ የሚያስብ ክለብ ከሚያስፈልገው ሰው ጋር አንድ ዝርዝር ላይ ጽፎ ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። እኛ ይህን ሁለት ጊዜ አድርገነዋል።

በእኛ ሊግ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። ከ2013 ወዲህ ውድድሩ በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ ድሬዳዋ፣ አንዴ አዳማ። አሰልጣኙ ከልጆቹ ጋር ሳምንታት ሙሉ ሆቴል ነው። ቁርስ አብረው፣ እራት አብረው፤ ሲሸነፉም ያው ኮሪደር፣ ያው ደረጃ። ደመወዝ ሲዘገይ ቀድሞ የሚታየው የእሱ ፊት ነው። ሚስቱ አዲስ አበባ ልትወልድ ሰዓቷን የምትጠብቅ ተከላካይ ማታ በሩን የሚያንኳኳው የእሱን ነው። ሰው በቃለ መጠይቅ አንድ ሰዓት ሙሉ መልካም ሊሆን ይችላል። አርባ ቀን በሆቴል ኮሪደር ግን የሚታየው ጠባዩ ነው፤ እና ያንን ማወቅ ያለብን ከመፈራረማችን በፊት ነው።

ፋይል ማየት ቀላሉ ሥራ ነው። የካፍ ላይሰንሱን፣ የሠራባቸውን ክለቦች፣ የተለያየበትን ምክንያት እናያለን። ቃለ መጠይቁ ላይም ሁሉም ስለ ፕሬሲንግና ትራንዚሽን አሳምሮ ያወራል፤ ላፕቶፕ ከፍቶ ያሳያል። በንግግር ተሸንፈን የቀጠርነው ሰው ነበር። ያን ዓመት እስከ መጨረሻው ጨዋታ ላለመውረድ ስንታገል ከረምን።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ። ሰውየውን በጨዋታ ቀን አላየውም። ጨዋታ ቀን ሁሉም አሰልጣኝ ነው፤ ካሜራ አለ፣ ደጋፊ አለ። እኔ የምሄደው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቋሚ ተሰላፊዎቹ ሜዳውን ቀስ ብለው ዞረው፣ ሰውነታቸውን አፍታተው ይገባሉ። ያልተጫወቱት ግን ሙሉ ልምምድ ይሠራሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ፣ ጥቂት ኮን። የአሰልጣኝን ልብ የማየው እዚያ ላይ ነው።

አንዱን እጩ እንዲህ ባለ ጠዋት አየሁት። ልምምዱን ለምክትሉ ትቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ ያወራ ነበር። የመጣሁበትን ሳልነግረው ተመለስኩ። ሌላውን ሳይ ግን ከልጆቹ መሀል ነበር። ፊሽካ ነፋና ጨዋታውን አቆመው። ዕድሜው ሃያ የማይሞላ የግራ ተከላካይ ነበር፤ በሙሉ ዓመቱ ሁለት ጊዜ እንኳን የተሰለፈ አይመስለኝም። ሄዶ ትከሻውን ያዘና "ከዚህ ቆመህ ምን ይታይሃል?" አለው። ልጁ "አጥቂው" አለ። ትከሻውን ይዞ ወገቡን ወደ ሜዳው ውስጥ ሩብ ያህል አዞረው፤ ሁለት እርምጃም ወደ ኋላ መለሰው። "አሁንስ?" ልጁ ትንሽ ቆየና "አጥቂውም፣ ኳሷም" አለ። "በል፣ ስትገባ እንዲህ ቆመህ ነው የምትጫወተው" አለውና ፊሽካውን ነፋ። "ከገባህ" አላለውም፤ "ስትገባ" ነው ያለው። ልጁ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ኳስ ከመቀበሉ በፊት እግሩን ሲያስተካክል አየሁት።

ከሜዳው ስወጣ ወጌሻውን አገኘሁት። የቡድንን ምሥጢር የሚያውቅ ወጌሻና ትጥቅ ያዥ ነው፤ ቦርድ አይደለም። ወጌሻው ታላቄ ነው፤ በጨዋታ ዘመኔ ቁርጭምጭሚቴን ስንት ጊዜ አሽቶልኛል። "ጋሼ፣ ይሄ ሰው እንዴት ነው?" አልኩት። የበረዶ ማስቀመጫውን እየዘጋ ትንሽ አሰበና "ልጅ ሲጎዳ 'ለእሑድ ይደርሳል ወይ?' አይለኝም። 'ስንት ቀን ያስፈልገዋል?' ነው የሚለኝ" አለኝ። ያን ቀን ማታ ለኮሚቴው የጻፍኩት ሪፖርት ግማሽ ገጽ አልሞላም፤ ይህችን ንግግር ግን እንዳለች አስገባኋት። የፈለግነውን ካገኘንባቸው ከሁለቱ አንዱ ያ አሰልጣኝ ነው።

ዝርዝራችን ላይ የሚቀመጡት ስሞች ሁልጊዜ ያው መሆናቸውም ያሳስበኛል። አንዱ ክለብ ያሰናበተውን ሌላው ይቀጥራል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ክቡን ዞረው ይመለሳሉ። መሠረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን ባሰለጠነችበት አገር በአምስቱ ፍለጋችን አንድም ሴት ስም አልጻፍንም። አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ በጦርነት ላይ ያለችውን፣ በሜዳዋ መጫወት ያልቻለችውን የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ሲያሳልፉ እኛ ደላላ የላከልንን የውጭ አሰልጣኞች ወረቀት እናገላብጥ ነበር። የውጭ ሰው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሰርቢያዊው ሚቾ በቅዱስ ጊዮርጊስ የሠሩትን ማንም አይረሳውም። ነገር ግን ያው ክለብ በ2014 በሌላ ሰርቢያዊ አሰልጣኝ ጀምሮ ዓመቱን የጨረሰው፣ ዋንጫውንም ያነሳው፣ ምክትል በነበሩት በዘሪሁን ሸንገታ ነው፤ በ2015ም ደገሙት። ሰውየው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ።

የምክትልን ነገር ሳነሳ አንድ ያልረሳሁት ማታ ትዝ ይለኛል። ዋናው ከሄደ በኋላ ቡድኑን ለአምስት ጨዋታ የያዘ ምክትል ነበረን። ጊዜያዊ አሰልጣኝ የሚባለው ቦታ ከሁሉም የከበደ ነው። ፍለጋው ሲካሄድ እሱ ሜዳ ላይ ነው፤ ተጫዋቾቹ ነገ ማን እንደሚመጣ ስለማያውቁ ግማሽ ጆሯቸውን ነው የሚሰጡት፤ እኛ ደግሞ ከሜዳው ዳር ቆመን ስልክ ስናወራ ያየናል። ከአምስቱ ሁለት አሸንፎ ሁለት አቻ ወጣ። ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ የማግስቱን ልምምድም ራሱ ነበር የሚመራው። ኮሚቴው ውስጥ ስሙን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ቦርዱ "ገና ነው" አለ፤ ላይሰንሱም አንድ ደረጃ ይቀረው ነበር። ልምድ ያለው ሰው ተመረጠ። ውሳኔው ስሕተት ነበር ለማለት አልችልም፤ የመጣው ሰው ቡድኑን አላወረደውም።

ነገሩን ለምክትሉ የመንገር ሥራ ለእኔ ተሰጠ። በስልክ መንገር አልፈለግሁም። ማታ ሆቴሉ ሄድኩ፤ እራት በልተው ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ሲወጡ ጠበቅሁት። ሻይ አዘዝን። ረጅም መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳየው ግን ሁሉም ጠፋብኝና "አዲስ ሰው ተፈራርሟል፤ አንተ ምክትልነትህ እንዳለ ነው" አልኩት። ሻዩን አልነካውም። ብርጭቆው ላይ እጁን አኑሮ ትንሽ ዝም አለ።

"መቼ ነው የሚገባው፣ ጋሼ?" አለኝ።

"ሐሙስ።"

"እንግዲያው የነገውን ልምምድ እኔ ነኝ የምመራው።" ተነሣ፤ ከደረጃው ሥር ቆመና ላይ ያሉት እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ "ዛሬ ያልተጫወታችሁ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ተኩል መኪናው ይነሣል!" አለ።